በመጫን ላይ

እኔ የሠራሁት ቅጽ አስቀያሚ ነበር። ይህን አስቀድሞ ማመን ይሻላል። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ስድስት ሳጥን፣ ከሥር «ላክ» የሚል አመድማ ቁልፍ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የፋይል ቁጥር፣ ሲያስተምሩበት የነበረው ወረዳ፣ አሁን ያሉበት ቦታ። በቃ። ሥዕል የለውም፣ አይንቀሳቀስም፣ አያበራም። ክብደቱ ሰው ለልደት ከሚልከው የኬክ ፎቶ መቶኛ እጅ አይሞላም። ግን የትም ይከፈታል። ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ላይ እንኳ እየተንፏቀቀ ከላይ ወደ ታች ይወርድና ይደርሳል።

የምሠራው መቐለ፣ የሠራተኞች መረጃ ማደሻ ጽሕፈት ቤት በሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ሥራችን በጦርነቱ ከየወረዳቸው የተበተኑ መምህራንን ስም መሰብሰብና ወደ ሥራ ዝርዝር መመለስ ነው። ስሜ ወንድሜነህ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ እዚሁ መቐለ ዓዲ ሓቂ ሰፈር የሚገኝ የኮምፒዩተር ክፍል ጠባቂ ሆኜ ነው። ኮምፒዩተር የማውቅ ሆኜ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ እንዳይሰረቅ የምጠብቅ ሆኜ። ጠባቂ ማለት ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ነው። ቁጭ ብዬ ስውል ተማርኩ። ዲፕሎማ የለኝም፤ ያለኝ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት ነው።

በኅዳር መጨረሻ ባርናባስ ከአዲስ አበባ መጣ። ድረ ገጹን እንዲያዘምን ነው የተላከው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ለሁሉም ሰው ተነስቶ ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ስለነበር ነው።

ስብሰባው በአማርኛ ሆነ፤ ከክፍሉ ውስጥ ትግርኛ የማይችለው እሱ ብቻ ስለነበረ። ቅጼን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣሁት። ባርናባስ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን።

«ኔትወርክ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «ገና አልተከፈተም መሰለኝ።»

«ተከፍቷል» አልኩት።

«እ… ማለቴ ሙሉ በሙሉ።»

«ሙሉ በሙሉ ነው።»

ሸዋወርቅ፣ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ ወደ ማስታወሻ ደብተሯ አጎንብሳ ሳቀች። እሷም የሸዋ ልጅ ናት፤ ባሏ ከመቐለ ጥግ ያለችው የቁሓ ሰው ነው፤ እኔ ላይ ለመሳቅ ፈቃድ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት።

ከዚያ ባርናባስ የራሱን ከፈተ። የክልሉ ካርታ ከጨለማ ውስጥ እየበራ ወጣ። የተመዝጋቢዎች ቁጥር ከዜሮ ተነስቶ እየሮጠ ወጣና አራት ሺህ ላይ ቆመ። የማሳያ ቁጥር ነው እንጂ ገና ማንም አልተመዘገበም። ሳጥኖቹ ከግራ እየተንሸራተቱ መጥተው ተራ በተራ ቦታቸውን ያዙ። ሦስት ቋንቋ አለው፤ ትግርኛው ላይ «በቅርብ ቀን» ይላል። ኃላፊያችን አቶ ኣስፋሃ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ።

እኔ እጄን አወጣሁ። ባላወጣው ኖሮ ዛሬ የተሻለ እተኛ ነበር፤ ኋላ መፈረሜ አልቀረምና፣ ሳያውቅ የፈረመና እያወቀ የፈረመ እኩል አይደሉም።

«ጃቫስክሪፕቱ ባይደርስስ?» አልኩ።

ጃቫስክሪፕት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አቶ ኣስፋሃንም ጨምሮ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ቅጽ ሲላክ ቅጹ ራሱ ነው የሚላከው። የባርናባስ ገጽ ሲላክ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ባዶ ወረቀት ነው። ሳጥኑን፣ ጽሑፉን፣ ቁልፉን እዚያው ስልኩ ላይ የሚሠራው ከኋላ የሚመጣ ሌላ ፋይል ነው፤ እሱ ነው ጃቫስክሪፕት የሚባለው። ባዶ ቦታውን ዛሬ ሰጥተውህ ግንበኛው በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣል እንደማለት ነው። ግንበኛው ከመጣ ቤቱ ያምራል። መንገድ ላይ ከቀረ ሜዳ ላይ ቆመሃል።

«ወንዴ» አለ ባርናባስ በፍቅር፣ «ዛሬ ጃቫስክሪፕት የሌለው ስልክ የለም እኮ።»

«ስልኩማ አለው። ፋይሉ ባይደርስስ ነው የምለው። አራት ሜጋባይት ነው።»

«ለምን አይደርስም?»

ይህን የጠየቀው ለክርክር አልነበረም። የእውነት ለማወቅ ነው። ሰው ‹ውኃ ለምን ቧንቧው ውስጥ አይኖርም?› ብሎ እንደሚጠይቀው ዓይነት።

«ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲባል ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኩ። «ቁሓ እንኳ አንዳንድ ቦታ—»

«አቶ ወንድሜነህ» አሉ አቶ ኣስፋሃ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «እንግዳ ፊት ኋላ ቀር ነን እያልክ ነው?»

«አይ፣ እኔ—»

«ሁለት ዓመት ያህል ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶብን ኖረናል። አሁን ሲከፈት፣ ለእናንተ አስቀያሚው ይበቃችኋል ልትለን ነው?»

ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እዚያች ከተማ ውስጥ ያን ሁለት ዓመት አብሬያቸው ቆይቻለሁ፤ ግን ‹እናንተ› ትለናለህ ስባል በአንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ለእነዚህ ሰዎች ጥሩ ነገር አይገባም ያልኩ መሰለ። የፈለግሁት ከሥር አንዲት ትንሽ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህ ገጽ ካልተከፈተልዎ እዚህ ይግቡ» የምትልና ወደ እኔ አስቀያሚ ቅጽ የምትወስድ።

«ዲዛይኑን ትሰብረዋለች» አለ ባርናባስ እያዘነልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የርክክብ ቅጽ መጣ። አሥራ አንድ ረድፍ ነበረው፤ ሰባተኛው ረድፍ «በዝቅተኛ ኔትወርክ ተሞክሮ ሠርቷል» ይላል። እኔ የሞከርኩት በቢሮው ዋይፋይ፣ ከመሣሪያው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጬ ነው። ኮንትራቴ የሚያልቀው በሚቀጥለው ወር ነበር። ምልክት አደረግሁ። ፈረምኩ። ባርናባስ አቀፈኝና ቁሓ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ አውሮፕላኑ ላይ ወጣ።

ምዝገባው ጥር ላይ ተከፈተ። ለእያንዳንዱ መምህር በስልኩ አጭር መልእክት ተላከ፤ መልእክቱ ውስጥ ሊንክ አለ፤ የሊንኩ መጨረሻ ላይ የመምህሩ የፋይል ቁጥር አለ። ጊዜው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ማሳሰቢያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። አንዱ «በአካል መምጣት አያስፈልግም፤ በአካል የሚመጣ አይስተናገድም» ይላል። ሁለተኛው «በተጠቀሰው ጊዜ ያልተመዘገበ መምህር ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል» ይላል።

ቅዳሜ ባርናባስ ከአዲስ አበባ ሪፖርት ላከ፤ ባለ ቀለም ነው። ገጹን ከጎበኙት ውስጥ ጃቫስክሪፕት ያልሠራላቸው፦ ዜሮ። አቶ ኣስፋሃ ወረቀቱን ይዘው እስከ ጠረጴዛዬ መጡ።

«ዜሮ» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ፈርተህ ነበር።»

ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ጎብኚዎችን የሚቆጥረው ቆጣሪ ራሱ ጃቫስክሪፕት ነው። አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «መግባት ያቃታችሁ እጃችሁን አውጡ» የሚል ዘበኛ በሉት። ማንም አላወጣም።

ሰኞ ጠዋት መምህር ኣረጋሽ መጡ። በአካል የሚመጣ ስለማይስተናገድ ዘበኛው በር ላይ አቆያቸውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ሰልችቶት አስገባቸው። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። በመስኮቴ አጎነበሱ።

«ከመይ ሓዲርካ ሓወይ።» እንዴት አደርክ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

በትግርኛ መለስኩላቸው። ትግርኛዬን አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል በትዕግሥት ሰሙና ወደ አማርኛ ዞሩ። ይህ ሁልጊዜ የሚደርስብኝ ነው፤ ሰዎች ለእኔ ሲሉ ነው ወይስ ለትግርኛው ሲሉ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ኣረጋሽ እባላለሁ። መምህር ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ሳይንስ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ። አሁን ቁሓ ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት። ሜሴጁ መጣልኝ፣ ሰኞ ዕለት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስጫን ነበር። አልሆነም።»

«ምን ሲጫኑ?»

«በመጫን ላይ የሚለውን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ስልካቸውን ከፌስታሉ አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ፤ የገዛ ስልካቸውን በጎረቤት ስልክ አስነስተው አስልከውት ነው። ነጭ ገጽ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ። ከክቡ ሥር «በመጫን ላይ…» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

«ስልክ ስትደውል» አሉ፣ ለሰባተኛ ክፍል በሚያስረዱበት ድምፅ ይመስለኛል፣ «ሴትዮዋ ‹ለአማርኛ ሁለትን ይጫኑ› ትል የለም? ይጫኑ ካለች ትጫናለህ። ይሄም በመጫን ላይ አለኝ። ላዩን በመጫን ማለት ነው ብዬ ላዩን ተጫንኩት። በአውራ ጣቴ። ዝም ሲል ደግሞ ረዘም አድርጌ። ከዚያ ገጿ ትጠፋለች። ከሜሴጁ እንደገና ከፍቼ እንደገና እጫናለሁ።»

ትግርኛ ዕቃ ለመጫን አንድ ቃል፣ ቁልፍ ለመጫን ሌላ ቃል አለው። አማርኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚያስኬደው፤ አህያም ይጫናል፣ ደወልም ይጫናል። ያን ጽሑፍ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባርናባስ ስልሳ ቃል ዘርዝሮ «አማርኛውን ሙላልኝ» ብሎ ልኮልኝ ነበር። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። «እየመጣ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር መጀመሪያ። የገበያ አማርኛ መሰለኝና ሰረዝኩት።

«መምህር፣ ይሄ ማለት እንዲጫኑት አይደለም» አልኳቸው። «ፋይሉ እየመጣ ነው፣ ይጠብቁ ማለት ነው።»

«እየመጣ ነው?»

«አዎ።»

«ስድስት ቀን?»

ስልካቸውን ተቀብዬ ከቢሮው ዋይፋይ ጋር አገናኘሁት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ሊንኩን ነካሁት። በአራት ሰከንድ ውስጥ ካርታው ከጨለማ እየበራ ወጣ፣ ቁጥሩ እየሮጠ ወጣ።

«እዋይ!» አሉ መምህር ኣረጋሽ፤ ፊታቸው በራ። «ከፈተ! ኣንታ፣ እንዴት ያምራል!»

ከካርታው ሥር ቀይ ጽሑፍ ተንሸራቶ መጣ። ምዝገባው ተጠናቋል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። መነጽር አልያዙም ነበርና እኔ አነበብኩላቸው።

ይግባኝ እንዲጽፉ አደረግሁ። ጻፉ፤ ጽሕፈታቸው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። ቢሯችን ለይግባኝ «ተጨባጭ ማስረጃ» ይጠይቃል። ሰው ሞክሬ አቃተኝ ቢል ማስረጃ አይሆንም። በጎረቤት ስልክ የተነሳ ፎቶም አይሆንም፤ ቀኑ አይታወቅም።

ማስረጃ ያለው እኔ ጋ ነበር። ገጹን የሚልከው ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ፣ ኋላ ክፍል ነው ያለው፤ የሚጠብቀው ደግሞ ያው ጠባቂው፣ እኔ ነኝ። ሰርቨር ቆጣሪ አያስፈልገውም፤ በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ያስቀምጣል፣ ለማን ምን ያህል እንደላከም ይጽፋል። የመምህር ኣረጋሽን የፋይል ቁጥር ፈለግሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስልሳ አንድ ጊዜ ገጹን ጠይቀዋል። የመጨረሻው ቅዳሜ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ነው። ባዶው ወረቀት ስልሳ አንዱንም ጊዜ ደርሷል። ከኋላ የሚመጣው ፋይል ግን ከአራት ሜጋባይቱ አንዴ አሥረኛው እጅ፣ አንዴ ሩቡ፣ ሐሙስ ዕለት ግማሹ ደርሶ ተቆርጧል። ሐሙስ ጥሩ ቀን ነበር።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ሌላ ነገር ፈለግሁ። ገጹን ከፍተው፣ ፋይሉ ተቆርጦባቸው፣ ሳይመዘገቡ የቀሩት ስንት ናቸው? ቆጠርኩ። ወደ አቶ ኣስፋሃ ቢሮ ሄድኩ።

«ስንት?» አሉ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

መስኮቱን ዘጉ። ውጭ ማንም አልነበረም።

«ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ።»

«ጥሩ።» ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። «ሪፖርቱ እኮ ሄዷል፣ ወንድሜነህ። ‹በተሳካ ሁኔታ› ብለን ነው የላክነው። ዛሬ ለአንዷ ብከፍት ነገ ሦስት መቶ አሥራ አንዱ በር ላይ ናቸው።»

«እንዲመጡ አይደል የምንፈልገው? ሥራችን—»

«ሥራችን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።» እሳቸውም የአስተማሪ ልጅ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ማኪያቶ ጋብዘውኝ ሲያጫውቱኝ ሰምቻለሁ። «ኮንትራትህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በዚህ ወር ሃያ ሰባት።»

«እ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። የተናገሩት ነገር ቢኖር ክስ ሊሆን ይችል ነበር፤ «እ» ግን ምንም አይደለም።

የይግባኝ ኮሚቴው ሐሙስ ተቀመጠ። አቶ ኣስፋሃ ሰብሳቢ፣ ሸዋወርቅ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ከሰው ኃይል የመጣ አንድ ሰውዬ ደግሞ አባል። ሰውዬው ስብሰባው እስኪያልቅ አልተናገረም፤ ስሙን ቃለ ጉባኤው ላይ ነው ያወቅሁት፣ ረስቼዋለሁ። እኔ «የቴክኒክ ማብራሪያ ሰጪ» ነኝ። ወረቀቴን ይዤ ገባሁ፤ የመምህር ኣረጋሽን ብቻ ነው ያተምኩት። ሦስት መቶ አሥራ አንዱን አላተምኩም።

መምህር ኣረጋሽ ተጠሩ። ቆመው ነው የተናገሩት፤ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ገጹ ሲከፈትልዎት ምን አደረጉ?» አሉ አቶ ኣስፋሃ።

«ተጫንኩት።»

«ተጫኑት?»

«አዎ። ብዙ ጊዜ ተጫንኩት።»

ሸዋወርቅ ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አየሁት፦ «ቁልፉን በተደጋጋሚ እንደተጫኑ በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል።»

«ሸዋዬ፣ ቁልፍ አላሉም» አልኳት በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምን ይጫናል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ የሰማሁትን ነው የምጽፍ።»

«ይቅርታ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቁልፉ አልደረሳቸውም። የተጫኑት ‹በመጫን ላይ› የሚለውን ጽሑፍ ነው።»

አቶ ኣስፋሃ ፈገግ አሉ። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚፈገግ ዓይነት ፈገግታ ነው። «መምህር፣ በመጫን ላይ ማለት እኮ እየመጣ ነው ማለት ነው።»

«እሱን ነግሮኛል» አሉ መምህር ኣረጋሽ ወደ እኔ እያዩ። «ታድያ አልመጣም።»

ከሰው ኃይል የመጣው ሰውዬ እንኳ ቀና አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ አንድ ሰው «እውነታቸውን ነው» ቢል ያልቅ ነበር። አቶ ኣስፋሃ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቴን ጠየቁ፤ መምህር ኣረጋሽ ውጭ እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

ወረቀቱ ሁለት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ገጹ የተከፈተበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ከኋላ ከሚመጣው ፋይል የደረሰው መጠን ነው። አቶ ኣስፋሃ ጣታቸውን በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱ።

«ስልሳ አንድ ጊዜ ተከፍቶላቸዋል።»

«ባዶው ነው የተከፈተው። ሁለተኛውን ዓምድ ይመልከቱ። ፋይሉ አንድም ጊዜ ሙሉ ሆኖ አልደረሰም።»

«ይህ ቁጥር ምንድን ነው፣ ከዓምዶቹ ዳር እያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው? ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ።»

ያን ቁጥር ማጥፋት ነበረብኝ። ታማኝ ለመሆን ብዬ፣ ሰርቨሩ እንደጻፈው ነው ያተምኩት።

ባርናባስ በስልክ ተጠራ፤ ድምፁ ከጠረጴዛው መሃል ወጣ። ሰላም አለን፣ የእያንዳንዳችንን ጤና ጠየቀ፣ መቐለ እንደናፈቀው ነገረን። አቶ ኣስፋሃ ስለ ቁጥሩ ጠየቁት።

«ሁለት መቶ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው» አለ ባርናባስ።

«ሁሉም መስመር ላይ አለ።»

«ጥሩ ነው! ሁሉም ተሳክቷል ማለት ነው።»

«ባርናባስ» አልኩ ወደ ጠረጴዛው አጎንብሼ፣ «ሁለት መቶ ማለት እኮ ሰርቨሩ እሺ ብሎ መላክ ጀመረ ማለት ነው። መንገድ ላይ ቢቆረጥም ሁለት መቶ ነው የሚለው። ይህን ታውቃለህ።»

ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እሱማ ልክ ነህ፣ በዝርዝር ከሄድን» አለ። «ግን ከዚያኛው ወገን ምን እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። እኛ ልከናል።»

«እኛ ልከናል» አሉ አቶ ኣስፋሃ፤ ለሸዋወርቅ ነው ያሉት። ጻፈች።

ከዚያ ከማህደሩ ሌላ ወረቀት አወጡ። የርክክቡ ቅጽ ነው። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በዝቅተኛ ኔትወርክ ተሞክሮ ሠርቷል። ይህ ምልክትስ?»

«የእኔ።»

«እንግዲህ ለቃለ ጉባኤው ንገረን። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ሸዋወርቅ ብዕሯን አንስታ ጠበቀችኝ። አሁን አትስቅም ነበር። አልሞከርኩትም ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ነው። ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ግን አውቀዋለሁ። በዚህ ወር ሃያ ሰባት ኮንትራቴ ያልቃል፤ ዲፕሎማ የሌለው፣ በሐሰት የፈረመ፣ የሌላ አገር ሰው። የምጠብቀው ሌላ ኮምፒዩተር ከየት አመጣለሁ?

«በተሞከረበት ሁኔታ ይሠራል» አልኩ።

ጥሩ አማርኛ ነበር። አቶ ኣስፋሃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሸዋወርቅ ቃል በቃል ጻፈችው።

ውሳኔው አንድ አንቀጽ ነው። አመልካቿ ገጹ ስልሳ አንድ ጊዜ የተከፈተላቸው መሆኑ በተጨባጭ ማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ መረጃው አልደረሰኝም ሊሉ አይችሉም፤ ስልሳ አንድ ጊዜ ዕድል አግኝተው ምዝገባቸውን አለማጠናቀቃቸው ፈቃዳቸውን በግልጽ ያሳያል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ከላይ በመግቢያው ላይ ተጠቅሷል፣ ከምስጋና ጋር።

ደብዳቤውን እኔ ነኝ ወስጄ የሰጠኋቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር እያለ፣ ቆመው ነው የጠበቁኝ። አነበብኩላቸው። «ፈቃዳቸውን በግልጽ ያሳያል» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ፤ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ልጅ ዝም እንደሚያሰኙት። ማንበቤን አቆምኩ።

«ስልሳ አንድ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ መምህር።»

«እኔ ኣርባ መስሎኝ ነበር።» ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፉት። «በእግሬ ከቤት እስከ አስፋልቱ ወጥቼ ነው፣ እዚያ ኔትወርኩ ትንሽ ይሻላል ሲሉኝ። ጠዋትም፣ ማታም። ልጆቹ ‹መምህር ፎቶ ታነሳለች› ይላሉ።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። የማውቀው ነገር አልነበረም።

እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። ዘበኛው ተነስቶ ከፈተላቸው። ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉ።

«ኣንታ ሓወይ፣ ያንን ወረቀት፣ ስልሳ አንድ የሚለውን፣ ማን ነው የሰጣቸው?»

ዘበኛው ይሰማል። አቶ ኣስፋሃ መስኮታቸው ላይ አልነበሩም፤ ሌላ ማንም አልነበረም። የመምህር ኣረጋሽን ፊት አየሁ፤ ቁጣ የለበትም፤ የጠየቁት ለማወቅ ብቻ ነበር።

«ሲስተሙ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡበት።

«ሌላው ሁሉ አልመጣችም ሲል» አሉ፣ «እሱ ስልሳ አንድ ጊዜ መጥታለች አለ። እግዚኣብሔር ይስጠው።»